ግርማ በሩን የከፈተ ቀን

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተከራየሁት አፓርታማ ነው። ፖሊስ በሬን ሲደበድብ የደነገጥኩት ድንጋጤ ቶሎ ለቀቀኝ። ወንድሜ ዳንኤል ያን ቀን አፉን ይዞ የተቀመጠባት ቅጽበት ግን እስካሁን ትከነክነኛለች።

ቤተ ክርስቲያናችን ያን ጊዜ የራሷ ሕንፃ አልነበራትም። እሑድ የፈረንጆችን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተውሰን እናመልካለን። የጌታ እራት ከምንወስድበት እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እኔ ቤት ለንስሐ ጸሎት እንሰበሰባለን። ደንቡ፣ የተጣላ ሳይታረቅ ወደ ማዕዱ አይቀርብም ነው። ሽማግሌያችን ጋሽ መኮንን "ከወንድሙ ጋር የተቀያየመ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። የሁላችንም ዓይን ወደ ዳንኤልና ወደ ግርማ ይሄዳል። ዳንኤል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

የጠቡን ምክንያት የማያውቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ሳለን፣ ተደብቀን ሰው ቤት በምንጸልይበት ዘመን፣ አንድ ሰው ግቢው በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። የቀበሌ ጥበቃ ከመጣ ቆርቆሮውን አንኳኩቶ ያስጠነቅቃል። አንድ ቀን ተረኛው ግርማ ነበር። ጠመንጃ ሲያይ ሳያንኳኳ አጥር ዘሎ ጠፋ። ውስጥ የነበሩት በሙሉ ተያዙ። ዳንኤል አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ታሰረ፤ ግራ ጆሮው እዚያ በጥፊ ብዛት ደነቆረ።

እግዚአብሔርም ሲያገናኝ ሁለቱን ዋሽንግተን አምጥቶ አንድ ጉባኤ ውስጥ ጣላቸው። ግርማ ደጋግሞ ሽማግሌ ላከ። ዳንኤል መልሱ አንድ ነው፤ "እኔ ምን በደልኩት? ከጌታው ጋር ይጨርስ።" ሰላምታውን እንኳ አይመልስለትም። ይኸው ወንድሜ ታዲያ በየእሑዱ ልጆችን ሰብስቦ ስለ ፈርዖን ልብ መደንደን ያስተምር ነበር። ጥሩ አስተማሪ ነበር፣ አልዋሽም።

የዚያን ቅዳሜ ዳንኤል ከሚኖርበት፣ ከዋሽንግተን ማዶ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ነድቶ መጣና እንደ ልማዱ ከግርማ ርቆ ተቀመጠ። ጸሎቱን የመሩት እትዬ በቀለች ናቸው። እሳቸው ሲጸልዩ ቤት ይናወጣል። "ጌታ ሆይ፣ በዚህ ቤት ያለውን ድንጋይ ስበረው!" እያሉ ወለሉን በእጃቸው እየመቱ ያለቅሳሉ። ድንጋዩ ማን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እኛም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተከተልን። እኛ ለምደነዋል፤ ከታች ላለው ጎረቤቴ ግን ሰው የሚታረድ መስሎት ኖሯል።

በሩ በኃይል ተመታ። "ፖሊስ! ኦፕን ዘ ዶር!"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ሁላችንም ሲልቨር ስፕሪንግ መሆናችን ጠፋን። ጸሎቱ ቀጥ አለ። አንዱ መጋረጃ ዘጋ፣ መጽሐፍ ቅዱሶች ሶፋ ሥር ገቡ፣ እትዬ በቀለች የራሳቸውን ይዘው ወጥ ቤት ሮጡና ኦቨን ውስጥ ከተቱት። ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ያዙ። ወዴት ሊሄዱ እንዳሰቡ አላውቅም፤ ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ዝምታችን ነገሩን አባሰው። ሲጮህ የነበረ ቤት ድንገት ጸጥ ሲል ፖሊስ ምን ያስብ? በሩ ሊገነጠል ደረሰ። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ግን ከበሩ ሸሽቼ ግድግዳ ተጠጋሁ።

ግርማ ተነሣ።

"ግርማ፣ አትክፈት!" አለ ዳንኤል በሹክሹክታ። አሜሪካ ከመጣን ስሙን ሲጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"አይ ዳኒ። ዛሬስ አልሮጥም" አለና ከፈተ።

ሁለት ፖሊሶች እጃቸውን ሽጉጣቸው ላይ አድርገው ገቡ። ስትጮህ የነበረችው ሴት የታለች አሉ። የግርማ እንግሊዝኛ ገና ነው። እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ "ኦንሊ ሚ! አይ አም ሪስፖንሲብል! ቴክ ሚ!" ይላል። የሁላችንንም ጥፋት ለብቻው መሸከሙ ነበር። እነሱ ግን ሴቲቱን እኔ ነኝ የጎዳኋት ብሎ ያመነ መሰላቸው። ግድግዳ ላይ አስደግፈው እጁን ወደ ኋላ በካቴና አሰሩት።

ዳንኤል ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፈው እሱ ብቻ ነበር። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካቴናውን ያያል።

"ዳኒ፣ ተናገር እንጂ!" አልኩት። አልተነሣም። ያልሰማኝ መስሎኝ በደኅናው ጆሮው በኩል ዞሬ ደገምኩለት። ሰምቶኛል። ዓይኑን ከካቴናው አልነቀለም። ፊቱ ላይ ፍርሃት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ወንድሜን ፈራሁት።

ግርማን እየገፉ ኮሪደሩ ላይ ሊያወጡት ሲሉ ዳንኤል ብድግ አለ። "ቆዩ! ወንድሜ ነው!" አለ በእንግሊዝኛ። ጸሎት ላይ እንደነበርን አስረዳ። እትዬ በቀለችም ከወጥ ቤት ወጥተው "ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እኔን እሰሩኝ!" እያሉ በአማርኛ ተከራከሩ። ፖሊሶቹ መኝታ ቤቱን ፈትሸው፣ የተጎዳ ሰው ሲያጡ ካቴናውን ፈቱ። ቀስ ብላችሁ ጸልዩ ብለውን ሄዱ።

ጋሽ መኮንን ጊዜ አላጠፉም። "እንግዲህ ዳንኤል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በል" አሉት።

"ይቅር የምለው እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ" አለና ወደ ግርማ ዞረ። "ሲያስሩህ ደስ አለኝ። ቅመሳት አልኩ በልቤ። ዝም ያልኩት ፈርቼ እንዳይመስልህ፤ እንዲወስዱህ ፈልጌ ነው። እስከዛሬ በዳዩ አንተ ብቻ ትመስለኝ ነበር።"

እግሩ ላይ ወደቀ። ግርማ "ተው ዳኒ፣ ተው" እያለ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቃቅፈው ቀሩ። እኛም አለቀስን፤ ጎረቤቱን ስለፈራን አፋችንን በነጠላ ይዘን።

ዛሬ ሁለቱም ሸምግለዋል፣ ወዳጆች ናቸው። የጉባኤያችን ሰዎች ታሪኩን ሲያነሡ "ዳንኤል ግርማን ይቅር ያለ ጊዜ" ይላሉ። እንዲህ ሲሉ ያናድደኛል። ለእኔ ያን ቀን ይቅርታን ለምኖ ያገኘው ወንድሜ ነው። ዛሬም አንዳንዴ ሰው በድሎኝ፣ እውነቱም ከእኔ ጋር ሆኖ፣ ልቤ ሲጠጥር ይሰማኛል። ያን ጊዜ ስለ በዳዬ መጸለይ አቆምና ስለ ራሴ እጀምራለሁ። ወንድሜ እውነቱን ይዞ ሳለ ምን ሊሆን እንደነበር አይቻለሁና።