አመዱ ሳይቀዘቅዝ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ የሰደብኩትንም የተጣላሁትንም ዘርዝሬያለሁ፤ እሳቱን ግን ዋጥኩት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። አፌ የፈራውን እጄ ይጻፈው።

የአስያን ቤት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ መጥተን ከርመናል። ደርግ ወድቋል፤ ክልሉ ገና አዲስ ነው። «መሬቱ የማን ነው?» የሚባልበት ጊዜ ነበር። እኔ ስደርስ ወሬ የሚቋረጥ ይመስለኝ ነበር። ያባርሩናል ብዬ ቀንም ፈራሁ፣ ተኝቼም ፈራሁ።

ጓሮዬ ጉድጓድ ቆፍሬ እሳት አነድ ነበር፤ ጭሱ ዝንቡን ከበሬዬ እንዲያባርርልኝ። ጎረቤቴ ኢድሪስ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፣ አጥሩን ተደግፎ ያየኛል።

«ወንድም፣ ዙሪያውን ሣር ጨርስ፤ አፈር ይታይ» አለኝ። «ውሃ አጠገብ ይሁን። ስትሄድ እጅ አመዱ ላይ አርግ። ቀዝቃዛ ካልሆነ አትሄድም።»

«እሳት ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት።

በእኛ አገር እሳት አይጠፋም፤ በአመድ ይዳፈናል። እሳቱን ያጠፋ ሰው ጎረቤት ደጅ ቆሞ እሳት ስጡኝ ይላል። እኔ ኢድሪስ ደጅ ልቁም? ሣሩን አልመነጠርኩም። በዚያ በበጋ ነፋስ ረመጡን ዳፍኜ ማሳዬ ሄድኩ። ዳፍኜ ሄድኩ።

ነፋሱ አመዱን ገለጠው። እሳቱ በደረቁ ሣር ተሻግሮ በወዲያ በኩል የምትኖረውን ባሏ የሞተባትን የአስያን የቀርከሃ ጎጆ ያዘ። አስያ ፍየሏን ላውጣ ብላ ገብታ ሁለት እጇ ተቃጠለ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠየቁ። ኢድሪስ በዚያው ጠዋት፣ እሳት እንዳይሻገር በየዓመቱ እንደሚያደርጉት፣ የቤቱን ዙሪያ ሣር አቃጥሎ በደንብ አጥፍቶ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ኢድሪስ ጠዋት ሣር ሲያቃጥል አይቻለሁ» አልኩ። እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ከዚህ የከፋ ውሸት አለ?

ኢድሪስ እኮ ያውቅ ነበር። ቃጠሎው እንደጠፋ ጉድጓዴ ጋ መጥቶ እጁን አመዱ ላይ አድርጎ፣ ቶሎ አንስቶ አይቶኛል። ሽማግሌዎቹ ፊት ግን ዝም አለ። ኋላ በአጥሩ በኩል፣ «እኔ እዚህ ተወለድኩ። ይቆጡኛል እንጂ አያባርሩኝም። አንተን ግን ያባርሩህ እንደሆነ አላውቅም» አለኝ።

አላመሰገንኩትም። ጠላሁት።

ጥፋቱ የኢድሪስ ነው ተባለ፤ ቤቷን እሱ መልሶ ሠራላት። እኔ ቀርከሃ አቀበልኩና «ደግ ጎረቤት» ተባልኩ። እስኪሞት ድረስ ሰርግ ቤት በገባ ቁጥር «ኢድሪስ መጣ፣ ውሃ አዘጋጁ» ይሉት ነበር። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቼ ነው። ታዲያ ፍርሃት የሰው ስም ያቃጥላል? ዛሬ ማንም አያባርረኝም፤ አሁንም ግን እፈራለሁ፣ አስያን። በቆሎ ስትፈለፍል ጣቶቿ አይዘረጉም። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል «ደህና አደርክ?» ትለኛለች፤ አንገቴን ደፍቼ እመልሳለሁ።

ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም። ይቅር ማለት የእሷ ነው። እሷ ደግሞ ይቅር ብላ ጨርሳለች፤ ኢድሪስን።