የእናቴ የጠዋት ክኒን

የእናቴ የአንጀት ካንሰር ጉበቷም ላይ ሲገኝ ሐኪሙ ወዲያው ኦፕራሲዮን ማድረግ አይቻልም አለን። መጀመሪያ በመድኃኒት ይሞከራል፤ ጉበቷ ላይ ያለው ከቀነሰ ኦፕራሲዮኑ ይሠራል፣ ካልቀነሰ ግን ኦፕራሲዮን የለም አለ። በደም ሥር የሚሰጣትን ሆስፒታል እየሄድን ትወስዳለች። ክኒኑን ደግሞ የካ ቤታችን፣ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ በልታ ወዲያው።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን ነጠላዋን ላጥብ ስዘፈዝፍ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ብፈታው የጠዋት ክኒኖቿ! ሳትበይ እንዳትውጪ ተብላለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ትጾማለች፤ ስለዚህ የጠዋቱን ትተወዋለች። በቃ፣ ሁሉንም ያከበረች መስሏታል። ደሜ ፈላ። እኔ ስቆጣ ሰፈር ይሰማል፣ ያን ቀንም ሰማ። እሷ ግን ረጋ ብላ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጾም ልሽር ወይ አለችኝ።

ሆስፒታል ደወልኩ። ያለፈውን አታካክሱ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሰዓቱ ትቀጥል አሉኝ። ማን ያስቀጥላት! በንዴት የእንጦጦን ዳገት ወጥቼ ለንስሐ አባቷ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳቸው። እሳቸው እንደ እኔ አልተቆጡም። መቋሚያቸውን አንስተው አብረውኝ ወረዱ፤ ገብተው ባርከው ተቀመጡና፣

«ልጄ፣ ጾምሽን ለእኔ ስጪኝ። አንቺ ጠዋት በልተሽ መድኃኒትሽን ውሰጂ፤ ያንቺን ሰዓት እኔ በራሴ ላይ እጨምረዋለሁ» አሏት።

እናቴ አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ሽሮዋን በልታ ክኒኗን ዋጠች። አፏንም አስከፍቼ አየሁ። እሳቸውን አምናለሁ፤ እሷን ግን እንጃ!

ከፋሲካ በኋላ ሲቲ ስካን ተነሳች። ውጤት የምንሰማ ዕለት በጠዋት ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ቀንሷል። ኦፕራሲዮኑን እንሠራልዎታለን» አላት። ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን እልል አልኩ! እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ፣ እዚህ የታመመ ሰው አለ፣ እፈሪ እንጂ ብላ ገሠጸችኝ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ተከተልኳት።

ሚኒባስ ተሳፍረን ቀበናን እንዳለፍን ግን ራሷ እልልታውን ለቀቀችው። ረዳቱ ደነገጠ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ አብረዋት እልል አሉ፤ ሾፌሩም ጥሩምባውን ነፋ። እልልታው ጋብ ሲል አንዷ ጠጋ ብላ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅ ሊድሩ ነው ወይ አለቻት።

እናቴ ፊቷ እያበራ፣ «ኦፕራሲዮን ልሆን ነው!» አለች።