የሟች ቃል ነው ተብሎ የተወሰደው ሌንስ

ነገሩ የሆነው አምና፣ አባቴ በሞተ ሰሞን ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዙ ነገር ይረሳል ይባላል፤ እኔ ግን ይህን አልረሳሁትም። ይህን ያደረገብንን ሰውዬ ባየሁት ቁጥር ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ።

አባቴ ጎፋ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው። የሰፈሩ ሰው መታወቂያ፣ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ምርቃት በእሱ እጅ አልፏል። ዲጂታል ሲመጣ ካሜራውን ቀየረ፤ ሌንሱን ግን አልቀየረም። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ጓደኛው ያመጣለት፣ ብረትና መስተዋት ብቻ የሆነ፣ እጅ ላይ የሚከብድ ሌንስ ነው። የዛሬዎቹ ምስሉን ራሳቸው ያጠራሉ። ይሄኛው ቀለበቱ በእጅ ካልዞረ ምንም አይታይበትም። ቀለበቱ እያሟለጨ ሲያስቸግረው የብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጦ አለበሰው።

ቀለበቱን ሲያዞር ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ተነሺውም ሳያውቀው አብሮ ይይዛል። ለዚህ ነው መሰለኝ እሱ ያነሳው ሰው ሁሉ ትንሽ የደነገጠ ይመስላል።

ድሮ ይህን ሌንስ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ኋላ ላይ ግን ክሊፕ የሚሠሩ ልጆች እንዲህ ያሉትን ሌንሶች አዲስ ካሜራ ላይ እያስገጠሙ፣ ምስላቸው ለስለስ ይላል እያሉ ያሳድዷቸው ጀመር። ፎቶ ቤታችን ድረስ መጥተው ሽጥልን ብለው የለመኑት ነበሩ። አባቴ "እኔ ስሞት የትዕግሥት ነው" ይላቸው ነበር። ትዕግሥት እኔ ነኝ።

የሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ጋሽ ወርቁ ተነሣ። መካኒሳ አቦ ፎቶ ቤት ያለው የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ። ከቀብሩ ጀምሮ ከቤታችን አልተለየም ነበር። ወንበር ያወርዳል፣ እንግዳ ያስቀምጣል፣ ከእኛ ከልጆቹ በላይ ያለቅሳል።

"ሟች ሆስፒታል ሳሉ አደራ ያሉኝ ነገር አለ" አለ። "ልናገረው ይከብደኛል፤ እንዳልተወው ደግሞ የሟች ቃል ነው። ያቺን ሌንስ አንተ ያዛት፣ ሙያውን የምታውቀው አንተ ነህ ብለውኛል።"

ለቅሶ ላይ የሟች ቃል ነው ለተባለ ነገር ማንም ማስረጃ አይጠይቅም። መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ "የሟች ቃልማ ይጠበቃል" አሉ። ልናገር ስል እናቴ ጉልበቴን ጫን አደረገችው። ገብታ ሌንሱን በፎጣ እንደተጠቀለለ አመጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው። እሱ ፎጣውን ገልጦ ሌንሱን ሳመው። እንባውና ንፍጡ መስተዋቱ ላይ ሲያርፍ አየሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ የወጣ ማስታወቂያ ላከችልኝ። ሌንሱ ከነከመነዳሪው ተነሥቶ ተለጥፏል። "አንጋፋው ባለሙያ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሠሩበት ታሪካዊ ሌንስ፤ ዋጋ በውስጥ መስመር" ይላል። ከሥሩ የአባቴ ፎቶ አለ። ድንኳኑ በር ላይ የሰቀልነው ነው፤ አሳድጎ ያተመልንም ራሱ ጋሽ ወርቁ ነበር። ጥቁር ሪባኑን ብቻ አጥፍቶታል።

ደወልኩለት። አልካደም። "ልጄ፣ የሰጡኝን ዕቃ እንዳሻኝ ነው" አለኝ። "ዝም ብሎ ቢቀመጥ ሻጋታ ነው የሚበላው። የሚሠራበት ሰው እጅ ቢገባ ለስማቸውም ደግ ነው።" ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። እንዲህ ያለ ሰው ጉንጬን እየሳመ ያጽናናኝ እንደነበር ሳስብ ፊቴን መታጠብ አማረኝ።

ለእናቴ አሳየኋት። ማስታወቂያውን ብዙ ጊዜ አየችውና "ተሽጧል?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት።

"እንግዲያው ለአርባው ጥሪው" አለች።

መጣ። ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ በደንብ በላ። ወጥ አስጨመረ። አጥንቱን ሲግጥ ቆይቶ፣ አፉን እንኳ ሳይጠርግ "ያ የድሮ ካሜራቸውስ? ስለሱም አንሥተውልኝ ነበር" አለ።

እናቴ ቆማ ታስተናግድ ነበር። "ደግ አነሣኸው ወርቁ" አለችው። "ትናንት በሕልሜ መጥቶ ነበር። ሌንሴን ገበያ ላይ አየኋት፣ አርባዬ ሳያልፍ ወርቁ ለልጄ ይመልስላት አለኝ። እንግዲህ የሟች ቃል ነው፣ ምን አደርጋለሁ?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ "የሟች ቃልማ ይጠበቃል" ብለው ወደ ጋሽ ወርቁ ዞሩ። እሱ የጎረሰው አንቆት ውሃ ጠጣ። "እኔማ ላስቀምጥላችሁ ብዬ ነው" አለ። ሽማግሌው፣ እሱ በልቶ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቁትም፤ አስነሥተው አብረውት ሄዱ። ሳይመሽ ሌንሱ ቤታችን ተመለሰ። ፎጣው አልነበረም፤ መስተዋቱ ላይ የጣት ቅባት ነበረበት። በስስ ጨርቅ ጠረግሁት። ንጹሕ ከሆነ በኋላም ስጠርገው ቆየሁ።

እንግዳው ሲወጣ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። አባቴ በእኔ ሕልም አንድም ቀን መጥቶ ስለማያውቅ ቀንቼባት ነበር።

"እማዬ፣ ፊቱ እንዴት ነበር? ደህና ይመስላል?" አልኳት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። "የምን ሕልም ልጄ" አለችኝ። "እሱ ከሞተ እንቅልፍ መቼ ወስዶኝ።"

ዛሬ በሌንሱ ፎቶ አነሣለሁ፤ ቀለበቱን ማዞርም እየለመድኩት ነው። ሰውየው ግን አሁንም ሰው ሲሞት ወንበር ያወርዳል፣ ደረቱን ይመታል። ሌንሱን መውሰዱን ምናልባት እረሳው ይሆናል። እናቴን ግን፣ ዋሽታ የማታውቀውን ሴት፣ በሞተ ባሏ ስም አስዋሻት። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።