ሳይጫን የቀረው ቆብ

ከስትሮኩ በፊት በቀዬው ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በአፌ ነበር። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ እኔ ሳልናገር የተበተነ የእድር ስብሰባ ትዝ አይለኝም። በድንኳን ኪራዩ፣ በቦኖ ውሃው፣ በሰው የአጥር ወሰን፣ በማያገባኝም ሁሉ ገብቼ እከራከራለሁ። ባለቤቴ ስታስቀድስ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጬ ወሬ አበዛለሁ።

አንድ ጠዋት የጫማዬን ክር ሳስር ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ወዲያው እግሬም ከዳኝ። ሆስፒታል ተኝቼ ነፍሴ ተረፈች፤ ተሳስሮ የነበረው ምላሴም ቀስ በቀስ ተፈታልኝ። ሐኪሞቹ እጅና እግሬን በየቀኑ እንዳንቀሳቅስ አዘው ሸኙኝ። ባለቤቴም ጣቶቼን የማለማምድባት ኳስ ከአሮጌ ካልሲ ሰፋችልኝ።

እኔ ግን ኳሷን ዞር ብዬም አላየኋት። መናገር እየቻልኩ አልናገርም። ምግብ ሲቀርብልኝ ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። እንቅልፌ ሳይነጋ ጥሎኝ ይሄዳል። ጠያቂ መጥቶ «እግዜር ይማርዎ» ሲለኝ፣ ባይምረኝስ ምን ይቀርብኛል እላለሁ በሆዴ። መዳኑም መሞቱም አንድ ሆነብኝ።

አገሬው ይህን የተረጎመበት መንገድ ዛሬ ያስቀኛል። ያ ለፍላፊ ዝም ሲል፣ ያ በላተኛ ገበታ ሲገፋ፣ ዓለምን ናቀ ተባለ። ጠያቂዎች ጉልበቴን ስመው መውጣት ጀመሩ። በየስብሰባው ስዘልፈው የኖርኩት ጎረቤቴ ሳይቀር በጸሎትዎ ያስቡኝ ብሎኝ ሄደ። እኔ እንኳን ለእሱ ለራሴም አልጸልይም ነበር።

በእኛ አገር ሰው ሲሸመግል መመንኮሱ የተለመደ ነው። ቆብ የሚጭን ሰው ለዓለም ሞቷልና በቁሙ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ከትዳሩም ይለያል። የንስሐ አባታችን ዝምታዬን አይተው ጊዜው የደረሰ መሰላቸውና ቆብ እጭን እንደሆነ ጠየቁኝ። እሺ አልኩ። ፈልጌ አልነበረም፤ እምቢ ለማለት አቅም አጥቼ ነው። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ የእግዜር ፈቃድ ከሆነ ምን ይደረጋል አለች። ቆቡ ተሰፋ፤ ቀኑም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሁን ተባለ።

ሁዳዴ እንደገባ ለደም ግፊቴ ክትትል ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። እጄን እያገላበጠች እለማመድ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ናት የመለሰችላት፤ ከሰው ጋር መነጋገር እንደተውኩ፣ እህል እንደማልቀምስ፣ ልመነኩስ እንደሆነም በኩራት ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ሲጸልዩ ደስ ይልዎታል?»

«ደስ የሚለኝ ነገር የለም» አልኳት።

ከስንት ጊዜ በኋላ የተናገርኩት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር፤ ጨርሼው አለቀስኩ።

ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ብዙዎቹን እንዲህ ያለ ድብርት እንደሚይዛቸው፣ ሕመም እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንዳለው አስረዳችንና እንክብል አዘዘችልኝ። ባለቤቴ የእብድ መድኃኒት መስሏት ደነገጠች። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ እሷን ሳላማክር ማቋረጥ እንደሌለብኝ ነገረችን፤ ጾም ስለነበረም ማታ ከምግብ ጋር እንድውጠው ተስማማን። ልንወጣ ስንል ደግሞ እጄን የሚያነሳው እንክብሉ ሳይሆን እኔው ራሴ እንደሆንኩ አስጠነቀቀችኝ።

መጀመሪያ ከማቅለሽለሽ በቀር ያየሁበት ነገር ስላልነበረ፣ ይቺ ልጅ አታለለችኝ ብዬ ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ግን አንድ ቀን የጎረቤቴ በግ የበልግ ገብሳችን ውስጥ ገብታ አየሁና ተናደድኩ። ንዴቱ እንዴት እንደጣፈጠኝ! ያቺን በግ አውጧት ብዬ ስጮህ ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። በማግስቱ ሽሮው ጨው አንሶታል አልኩ። ቀጥሎ ኳሷን አነሳሁ፤ ጣቶቼ እንደ ሰነፍ ተማሪ እየለገሙም ቢሆን መታጠፍ ጀመሩ።

እየተሻለኝ ሲመጣ ቆቡ ያስፈራኝ ጀመር። መኖር አማረኝ፤ ከሚስቴ መለየትም አልፈለግሁም። ግን እሺ ብያለሁ፤ እሷም ደስ ብሏት የተቀበለችው ስለመሰለኝ በአገር ፊት እንዳላሳፍራት ሰጋሁ። ዕድሜ ልኬን ስከራከር ኖሬ ይህቺን አንዲት ነገር መናገር አቃተኝ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ቀኑን ሊያስታውሱን ሲመጡ አላስችል አለኝ።

«አባቴ፣ ያኔ እሺ ያልኩት ታምሜ ነው። ቆቡ ይቅርብኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ ሕመሙ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰው በሕመሙ የተናገረውን እግዜር እንደማይዝበት አጫወቱኝ። እንክብሉን እንዳላቋርጥ አደራ ብለው፣ ባርከውኝ ወጡ።

ባለቤቴ ተከትላቸው ወጣች፤ ሸኝታቸው ግን አልተመለሰችም። ተቀየመችኝ ብዬ ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ። ደጋፊ ሳልፈልግ ግቢውን አቋረጥኩና ከቤቱ ጀርባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምነው፣ አሳፈርኩሽ?»

«በቁምዎ ልቀብርዎ ነበር እኮ» አለችኝ። «ለነፍስዎ ይሻላል ብዬ ነው እንጂ እኔስ አንድ ቀንም አልፈለግሁት።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምነሳ አላሰብኩበትም ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ብሞክር እምቢ አለኝ፤ እሷም ጉልበቷን ስለሚያማት ልታነሳኝ አልቻለችም። ሳቅ ያዘን። እንባዋን እየጠረገች ጎረቤት ልጥራ አለችኝ።

«ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለን» አልኳት።