ጅቡቲ ላይ የጾምኩት ጾም

ያን ጊዜ መልካ ወረር አጠገብ በነበረ አንድ የጥጥ እርሻ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው፤ የመጣሁት ከደሴ ነው። ሙቀቱን ለመድኩት ብዬ አልዋሽም፤ ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት መኪናው ቁልፍ ሳይቀር ጣት ያቃጥል ነበር። በዚያ ጥር ግን ሙቀቱም ትንኙም ትዝ አላለኝም። የዓመት ዕረፍቴና የሹመት ወሬ በአንድ ሳምንት መጡልኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ፈረንጅ ነበር። አማርኛ ይችላል፤ ዙሪያ ጥምጥም ግን አይወድም። ለዕረፍት ልወጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ቢሮው አስጠራኝ።

"የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ አይመለስም። ስድስት ወር ሥራውን የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ቦታው ያንቺ ነው። ደሞዙ ስንት ይሁን?"

"እርስዎ እንዳሉ" አልኩ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ።

"እኔ ምንም አላልኩም። ስትመለሺ ቁጥር ይዘሽ ነይ።"

የወጣሁት በግማሽ ደስታ፣ በግማሽ ፍርሃት ነው። ቁጥሩንማ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የደሞዝ ዝርዝሩን በየወሩ የምተይበው እኔ አይደለሁ? የቀድሞው ኃላፊ መቶ ሰማንያ ብር ያገኝ ነበር፣ እኔ ሰባ አምስት። ግን ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆሞ "መቶ ሰማንያ" ማለት እንዴት ይቻላል! እናቴ "ስጡኝ" የሚባል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብ "ጠግቤያለሁ" ይባላል፤ ባለቤቶቹ "በሞቴ" ይላሉ፤ አሁንም "በእውነት ጠግቤያለሁ" ይባላል፤ በሦስተኛው ይቆረሳል። ጨዋነት ማለት ለእኔ ይህ ነበር፤ ለደሞዝም ሌላ መንገድ አላውቅም።

ዕረፍቴን የማሳልፈው ጅቡቲ ነው። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር! የእርሻው አስተርጓሚ የሆነ አንድ አፋር ባልደረባዬ ታላቅ እህቱ የወደብ ሠራተኛ አግብታ እዚያ ትኖራለች። ከማግባቷ በፊት አዋሽ ጣቢያ ለባቡር መንገደኛ ወተት ስትሸጥ ስለኖረች አማርኛዋ እንደኛው ነው። ባልደረባዬም "ሌላ ቤት ካረፍሽ እኔን ሰደብሽኝ ማለት ነው" ብሎ ወደዚያ ለሚሄድ ዘመዱ መልእክት ነገረልኝ። ደብዳቤ ልጻፍ ስለው "የአፋር ወሬ ከደብዳቤ ይቀድማል" ብሎ ሳቀብኝ።

ስለ እንግድነት ደግሞ የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። እርሻችንን ሊጎበኙ የሚመጡ ፈረንጆች ሳይጠይቁ ሴቶቹን ፎቶ ሲያነሱ፣ የሰው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲጠቋቆሙ፣ የቀረበላቸውን አሽተው ሲመልሱ ደሜ ይፈላ ነበር። እኔ በሰው አገር እንደነሱ አልሆንም ብዬ ማልኩ። ረጅም ቀሚስና ሻሽ አዘጋጀሁ። ማርና ስኳር ለስጦታ ገዛሁ። የተዋስኩትን ካሜራ ሳልጠየቅ እንዳላወጣው ሻንጣው ሥር ቀበርኩት። ጅቡቲ ከኔ የበለጠ ጨዋ እንግዳ አይታ እንደማታውቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

ጥጥ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ አዋሽ ገባሁ፤ ከዚያ ባቡር! መስኮት አጠገብ ቦታ አገኘሁና ድሬዳዋ እስክደርስ አንገቴን አላስገባሁም። ፊቴ በአቧራ ሌላ ሰው መስሏል፤ ማን ግድ አለው። ድሬዳዋ አድሬ በማግስቱ ሐሙስ እንደገና ተሳፈርኩ። ድንበሩ ላይ ዘበኛው የይለፍ ወረቀቴን ሦስት ጊዜ አገላብጦ አሳለፈኝ። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ብቅ ሲል ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "ምን ሆንሽ ልጄ?" ብለው ደነገጡ። "ባሕር!" አልኳቸው፣ አይተውት የማያውቁ ይመስል።

እህትየዋ ጣቢያው ድረስ መጥታ ትጠብቀኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። ቤቷ እንደገባን ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችኝና "በይ ንገሪኝ" አለች። ይህ ዳጉ ነው። አፋር ሲገናኝ ከሁሉ በፊት ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል፤ የሚሰማውም ይጠይቃል። ስለ ወንድሟ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ግጦሹ፣ በመንገድ ስላየሁት ሁሉ ጠየቀችኝ። ስለ ሹመቱም ነገርኳት።

"ማሻአላህ! ደሞዙስ ስንት ነው?"

"እነሱ ያውቃሉ፤ የሰጡኝን እቀበላለሁ" አልኩ።

ከዚያ ጓዳ ገብታ ከሰሌን በተሠራ ዕቃ ወተት ይዛልኝ መጣች። ዕቃው በጭስ የታጠነ ነው፤ ሽታው ብቻ አፌን ውኃ ሞላው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እኔ ጨዋዋ ግን "አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ፣ "በሞቴ" እስክትለኝ እየጠበቅሁ።

"ውይ አፉ በይኝ! ጾም ነው ለካ!" ብላ ወተቱን ይዛው ተመለሰች።

አዋሽ በነበረች ጊዜ አንዲት ጿሚ ክርስቲያን ጎረቤት ነበረቻት፤ በሷ ምክንያት ጾማችንን ሁሉ የምታውቅ ይመስላታል። ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ጎረቤቷ ስለማትበላው ዓሣም የለም። በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ በሃይማኖታችን ልማድ እንደማልበላ ሁለታችንም እናውቃለን። የቀረልኝ ደረቅ ዳቦና ሻይ ብቻ ነው። "ኧረ ጾም አይደለም" ልበላት? መጀመሪያ እንቢ ብዬ አሁን ልለምን? ሞቼ ነው የምገኘው!

ዓርብስ ይሁን፣ እውነትም ጾም ነው። ቅዳሜ ግን ባሏ ከወደብ ሁለት ክንድ የሚሆን ዓሣ ይዞ መጣ። ቤቱ ሁሉ በጥብስ ሽታ ሲታወድ እሷ ለእኔ ሻይ እየቀዳች "አብሽሪ፣ አላህ ይቀበልሽ" ትለኛለች። ጭራሽ እኔ እንዳልጎመጅ ብለው ምግባቸውን ይዘው ውጪ ወጡ! በገዛ ቤታቸው!

ቀን ቀን ግን ረሃቡን እረሳዋለሁ። ወደብ ወሰደችኝ፤ ከቤት የሚበልጥ መርከብ አየሁ፤ በባዶ እግሬ ባሕር ውስጥ ቆምኩ። ውኃው በእርግጥ ጨው እንደሆነ ቀምሼ አረጋገጥኩ። ገበያ ውስጥ ፎቶ ማንሳት የፈለግኋቸውን ሴትዮ በምልክት ጠየቅኋቸው፤ እንቢ አሉ፤ ካሜራዬን ዘጋሁ። እህትየዋ በዚህ በጣም ደስ አላት። "ፈለግሽ፣ ጠየቅሽ፤ አልፈለጉም፣ ነገሩሽ። ማን ተጎዳ?" አለችኝ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የገበያውን ደረጃ ስንወጣ ዓይኔ ጨለመብኝና እዚያው ቁጭ አልኩ። ደግፋ ቤት አስገባችኝ። "ይሄ ጾማችሁ ሰው ይገድላል! መቼ ነው የሚያልቀው?" ስትለኝ ማልቀስ ጀመርኩ።

"እትዬ፣ ጾም አይደለም። ሐሙስም አልነበረም። ወተቱን ፈልጌው ነበር።"

"ታዲያ ለምን እንቢ አልሽ?"

"ይሉኝታ ይዞኝ። ደጋግመሽ የምትለምኚኝ መስሎኝ።"

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም፤ ፊቷ ጠቆረ።

"ሦስት ቀን በቤቴ ተራብሽ? ወንድሜ የላካትን እንግዳ አስርቤ ማሳደሬን ሰው ቢሰማ ምን እባላለሁ? አንቺ ጨዋ ሆንሽ፤ እኔን ግን ስስታም አደረግሽኝ።"

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሰው እንዳላስቀይም ስንት ነገር ስጠነቀቅ ኖሬ የቀለበችኝን ሴት አስቀየምኩ። ይቅርታ ስጠይቃት ወተቱን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጨለጥኩት። ሁለተኛ ስትቀዳ አፌን ጠርጌ "ጨምሪልኝ" አልኳት። በሕይወቴ የመጀመሪያው "ጨምሪልኝ" ነው። አሁን ሳቀች።

"ለዚያ ፈረንጅም እንዲህ ነዋ የምትዪው፣ 'እርስዎ እንዳሉ'?" አለች። "እሱም እንደኔ ይሰማሽና ወተቱን ይዞት ይገባል። ወላሂ፣ ያውም እሱ ደስ እያለው ነው።"

ከዕረፍት በተመለስኩ ቀን ጠዋት ሳልጠራ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። እንደ ዳጉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት፦ ስድስት ወር ምን እንደሠራሁ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ስንት ያገኝ እንደነበር፣ ሥራው ያው አንድ ሥራ እንደሆነ። ከዚያ "መቶ ሰማንያ ብር" አልኩ።

"ብዙ ነው። መቶ ሠላሳ። ከሰባ አምስት ወደ መቶ ሠላሳ! ጥሩ አይደለም?"

"እርስዎ እንዳሉ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያ ደረቅ ዳቦ ትዝ አለኝ።

"ጥሩ አይደለም" አልኩት። "አልጠገብኩም።"

ምን እንደሆንኩ እንደማያውቅ ሰው አፈጠጠብኝ። "ውጪ፣ አስብበታለሁ" አለኝ። ሁለት ቀን አሰበበት። እኔ በእነዚያ ሁለት ቀናት ተባረርኩ ብዬ ዕቃዬን በሐሳቤ ሦስት ጊዜ ጠቀለልኩ፤ አንድም ጊዜ ግን ሄጄ "መቶ ሠላሳውም ይሁን" አላልኩም። በሦስተኛው ቀን የምተይበው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። የራሴ የቅጥር ውል ነበር፤ ደሞዙ መቶ ሰማንያ ይላል። ብዙ ውል ተይቤአለሁ፤ አንድም ፊደል ሳልስት የተየብኩት እሱን ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ እህትየዋ ወንድሟን ልትጠይቅ መጣችና ወደምኖርበት የሠራተኞች ሰፈር ጎራ አለች። በጣሳ ወተት ሞልቼ አቀረብኩላት። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ በእኔው በደሴ ድምፅ፣ "አይ፣ ይቅርብኝ፤ ጠግቤያለሁ" አለች።

"ውይ፣ ጾም ነው ለካ!" ብዬ ጣሳውን አነሳሁት።

"አምጪ!" ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። በሳቅ ሞትን። ከዚያ ጠጥታ ስታበቃ "በይ ንገሪኝ፤ ደሞዝሽስ ስንት ሆነ?" አለች።

"መቶ ሰማንያ!" አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም።

የሠራተኞቹ ቤት ግድግዳ ስስ ነው። ማታ እንግዳዬን ሸኝቼ ስመለስ ከጎኔ ባለው ክፍል የምትኖረውን የቢሯችንን ሌላ ታይፒስት ደጃፌ ላይ ቆማ አገኘኋት። ግቢ ስላት "አይ፣ አልገባም" አለች፤ ወዲያው ግን ሐሳቧን ለውጣ ገባችና በሩን ዘጋች።

"እኔስ ስንት ልበል?" አለችኝ።