አጥሩን ለሁለት የከፈልኩበት ዓመት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር በአንድ የገጠር ቀበሌ አስተምር ነበር። ጽሕፈት የሚችል ሰው ስለማይበዛ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊም እኔው ነበርኩ። ሥራውን እወደው ነበር። የሰው ጉዳይ በተራ ቁጥር ሲሰደር ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን የእሾህ አጥር ክስ መጣ። ከሳሹ ከብት የበዛለት ገበሬ ነው፤ ተከሳሿ ጎረቤቱ የሆኑ ባልቴት ናቸው። አንድያ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፤ ማሳውን የያዙት እሱ እስኪመለስ ነው። ቀድሞ አጥሩን በሙሉ የሚያጥረው ከሳሹ ነበር። እሳቸው ደግሞ ማሽላቸውን ካነሡ በኋላ አገዳውን ለከብቶቹ ይለቁለታል። ይህን የጻፈው የለም፤ እንዲሁ ሲሠራበት የኖረ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ማድቤታቸው ፈርሶ አገዳውን ለግድግዳው አዋሉት።

«አገዳ ከሌለ እሾህ የለም» አለ ከሳሹ። «አጥሩ የማን እንደሆነ ይነገረኝ።»

ሽማግሌ ቢገባ «የዘንድሮውን አገዳ ይስጡት፤ አንተም እጠር» ብሎ ያስማማቸው ነበር። እኔ ግን ወጥቼ ወሰኑን በእርምጃ ለካሁ። ስድሳ ሆነ። ሠላሳውን ለእሱ፣ ሠላሳውን ለእሳቸው ጻፍኩ። ውሳኔው ጎደሎ እንዳይመስል ብዬም፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ድርሻውን ያላጠረ ለሚደርስበት ጥፋት ራሱ ኃላፊ ነው የሚል አንቀጽ ጨመርኩ።

ሳነብላቸው ባልቴቷ ጣታቸውን ቀለም እንደነከሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ የኔን ሠላሳ ማን ይቆርጠዋል?»

«ድርሻዎ ነው፣ እትዬ።»

«ድርሻዬስ ይሁን። መጥረቢያውን ማን ያነሣል ነው የምልህ።»

ከሳሹ ሳቀ። «መምህር ይለካል እንጂ አይቆርጥም፣ እትዬ።»

ባልቴቷ ያገኙትን ጭራሮ እየጎተቱ በድርሻቸው ላይ ደረደሩበት። በጥቅምት መጨረሻ፣ ማሽላው ገና ወተት ይዞ ሳለ፣ አንድ ሰኞ ሰዉ ሁሉ ወደ ደሴ ገበያ ወጣ። እኔም ሄጄ ነበር። ከሰዓት ስንመለስ ከብቶቹ ማሳው መሐል ናቸው። ባልቴቷ ብቻቸውን ድንጋይ ሲወረውሩ፣ ሲጮኹ ውለው ድምፃቸው ተዘግቷል። ባለከብቱ ከብቶቹን አስወጣና ወደ አጥሩ ወሰደኝ።

«ወላሂ፣ የኔ አልተነካም። ቁጠረው።»

ቆጠርኩ። ሠላሳ ነበር።

ባልቴቷ ካሳ ሲጠይቁ በሸንጎው አንቀጼን ያነበብኩት እኔው ነኝ። ከራሴ የጨመርኩት መሆኑን ብናገርም ሊቀመንበሩ «ማኅተም አርፎበታል» አለና ካሳውን ከልክሎ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

የተረፈው እህል ወር አላሻገራቸውም። ኮምቦልቻ ወዳለችው የእህታቸው ልጅ ሊወርዱ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ መሬት ወደ ማኅበሩ እንደሚመለስ፣ ልጃቸው ቢመጣ የሚገባበት እንደማይኖር ያውቃሉ። ጥቅልሉን እስከ አስፋልቱ ልሸከምላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው፣ ይኸ እንኳ አይከብድም። ይልቅ የምሄድበትን ጻፍና አስቀምጥ። ልጄ ሲመጣ ስጠው።»

ጻፍኩት። ከዚያ ቀበሌ እስክቀየር ድረስ መጥቶ የጠየቀኝ የለም።