የአራተኛው አዋሳኝ ፊርማ

ሙሐመድኑር መድኃኒት ሊረጭ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ፓምፑን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። አንገር ጉቲን አካባቢ ባለችው ቀበሌያቸው ከእሱ በቀር የረጪነት ፈቃድ ያለው ሰው የለም። የቀበሌው ደንብ አጭር ነው። የግል ማሳም ይሁን የትምህርት ቤት ግቢ፣ ሊረጭ ሦስት ቀን ሲቀረው ረጪው አዋሳኞቹን ሁሉ ቤታቸው ሄዶ በአፉ ይነግራል፤ የመድኃኒቱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር። የሰማው ይፈርማል፤ መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ያትማል። ከብት ያለው ከብቱን ያርቃል፤ ንብ ያለው ማታ የቀፎውን አፍ በእርጥብ ሣር ይደፍናል። ረጪው በማሳው አራት ማዕዘን ቀይ ጨርቅ ይተክላል። በቃ።

ደንቡን ይወደዋል ማለት አይቻልም። ከሥራው ጋር መውደድ መጥላት የሚባል ነገር ከተወ ቆይቷል። በሰባ ሰባት ከወሎ ሲመጡ እናቱ ጀርባ ላይ ነበር። አባቱ በመንግሥት እርሻው መድኃኒት ሲያቀላቅሉ ኖሩ፤ እሱም አድጎ ያንኑ ያዘ። ነቀምቴ ላይ ስድስት ቀን ሠልጥኖ የነፋስ አቅጣጫ ማየትን፣ ባዶ ጠርሙስን ሦስት ጊዜ አጥቦ መብሳትን ተማረ፤ ከዚያ አሥራ ሰባት ዓመት ረጨ። የጣቶቹ ጫፍ ትኩስና ቀዝቃዛ መለየት ትቷል። ሚስቱ ሩክያ ሻይ ስታቀብለው፣ «ያቃጥላል፣ ቆይ» ትለዋለች። «እሺ» ይልና ይጠጣዋል።

ዘንድሮ ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ሰሊጡ አበባ ላይ ሳለ የየኋላሸት ማሳ ትል ገባበት። የኋላሸት ወላጆቹ ከጎጃም የመጡ፣ አፉ የማያርፍ ገበሬ ነው። ሙሐመድኑር ቅጠሉን ገልብጦ አየና ወረቀቱን ይዞ ወጣ። አዋሳኞቹ አራት ናቸው። ሦስቱ በአንድ ጠዋት ፈረሙ። አራተኛው ኦቦ ባቻ ናቸው። ከማሳው ማዶ ባሉት ዋንዛዎች ላይ አሥራ ሁለት ቀፎ ሰቅለዋል። ማሩ ሊቆረጥ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

ደጃቸው ሲደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሚስታቸው ሌሊቱን አርፈዋል።

ሙሐመድኑር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ገባ። «ጀባዳ፣ ኦቦ ባቻ» አላቸው በእነሱው ቋንቋ፤ በርቱ ለማለት። ከጎናቸው ቦታ ተለቀቀለትና ተቀመጠ። በዚያ አገር ለቅሶ ቤት ሥራ አይነሳም። የማሳ፣ የከብት፣ የገበያ ጉዳይ ያነሳ ሰው ለጉዳዩ መጣ እንጂ ለሐዘን አልመጣም ይባላል፤ ሰውዬው ሠፋሪ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ሳይቀሩ ይወቀሱበታል። ስለዚህ ዝም አለ። ማታ ወጣ፣ በማግስቱ ተመልሶ ያው ቦታ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ኦቦ ባቻ ራሳቸው ዘወር አሉ። የሚያዋራቸው ሰው ፈልገው ነበር።

«ኢልማኮ፣» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የየኋላሸት ሰሊጥ እንዴት ሆነ?»

ሙሐመድኑር አፉን ከፈተ። ማዶ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ያዩታል።

«ደህና ነው፣» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣» አሉ ኦቦ ባቻና ወደ መሬት ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ማታ የኋላሸት ከድንኳኑ ውጭ ጠበቀው።

«አንተ ሙሐመድ፣ ትሉ ሰሊጤን ጨርሶ ወደኔ ሊመጣ ነው። ዛሬም ስትቀመጥ ዋልክ?»

«አራተኛው አልፈረመም።»

«አውራ ጣት የለህም?»

«አለኝ።»

«እንግዲያስ አትምበት። ጣት ጣት ነው፤ ማን ሊያነበው?»

«የሳቸውን እኔ አላትምም።»

«ለወንድማቸው ንገራ።»

«ወንድማቸውም ሐዘንተኛ ነው።»

«በል እንግዲህ ድንኳኑ እስኪነሳ አብረህ ተቀመጥ። ስትመለስ ለኔም ድንኳን ትተክልልኛለህ፤ ለኔና ለሰሊጤ።»

ወረቀቱን አይታ የምታግደው የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ ሃና ነበረች፤ እሷ ለስብሰባ ነቀምቴ ሄዳለች። ንቡ ከገባ በኋላ ማታ እንዳይረጭ፣ ከሰዓት የሚጥለው ዝናብ ማሳውን ረግረግ አድርጎታል። ሙሐመድኑር አራተኛውን መስመር ባዶ ትቶ በማግስቱ ጠዋት ፓምፑን አዘለ። ነፋስ አልነበረም። አራቱንም ቀይ ጨርቅ ተክሏል፣ መለኪያውንም አላዛነፈም፣ ፊቱን ሸፍኗል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ንቦቹ ወደ አበባው ሲመጡ አየ። የቀሩትን ሁለት መደዳዎች ረጭቶ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ዋንዛዎቹ ሥር የሞተው ንብ እንደ ፈሰሰ ኑግ ሆኖ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ቀፎ ዘጠኙ ዝም አለ። ሙሐመድኑር ሄዶ አየ፤ አንድ የሚርገበገብ ንብ አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ፤ ምንም አልተሰማውም። ወደ ቤት ሄዶ ፓምፑን ሦስት ጊዜ አጠበ።

ኦቦ ባቻ ድንኳኑ እንደተነሳ ወደ ቀበሌው ሄዱ። ወደ እሱ ቤት አልመጡም።

ሃና ከነቀምቴ ተመልሳ ሁለቱን ቢሮዋ አስቀመጠቻቸው። ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ነው።

«ጋሽ ሙሐመድኑር፣ ይኼ መስመር ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው።»

«ሳይነግሩ ከረጩ ፈቃዱ እስከ መጪው ክረምት ይያዛል። ያውቁታል።»

«አውቃለሁ።»

ሃና ወደ ሽማግሌው ዞረች። ከእሱ ሌላ ረጪ እንደሌላት ታውቃለች፤ አጠያየቋም መውጫ የሚያበጅለት ነበር። «ኦቦ ባቻ፣ ሦስት ቀን አብሮዎት ተቀምጧል አሉ። ምናልባት በወሬ መሃል ነግሮዎት፣ በሐዘኑ ልብ ሳይሉት ቀርተው ይሆን?»

ኦቦ ባቻ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩ።

«ሦስት ቀን ከጎኔ አልተነሳም። ወንድሜ እንኳ እንደሱ አልተቀመጠም፣» አሉ። «ስለ ሰሊጡ ጠይቄዋለሁ። ደህና ነው አለኝ።»

«የሚሉት አለ?» አለችው ሃና።

«የለም።»

ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሲወጡ መንገዳቸው አንድ ስለነበር አብረው ሄዱ።

«ዘጠኙን ማውረድ አለብኝ፣» አሉ ኦቦ ባቻ። «የሞተው ሲበሰብስ ቀፎው ለሌላ መንጋ አይሆንም። እኔ ዛፍ መውጣት ትቻለሁ።»

«እኔ አወርዳለሁ።»

«ና እንግዲህ።»

በማግስቱ ጤዛው ሳይረግፍ ጀመሩ። ሙሐመድኑር እየወጣ ገመዱን ይፈታል፣ ቀፎውን ቀስ አድርጎ ይለቃል፤ ኦቦ ባቻ ከታች ይቀበሉና ክዳኑን ከፍተው የሞተውን በእንጨት ይጠርጋሉ። ስድስተኛውን ሲያወርዱ ከወንዙ በኩል የሞተር ድምፅ ተነሳ። ሙሐመድኑር ከቅርንጫፉ ላይ አንገቱን አሰገገ። ሌላ ሰሊጥ ነው፤ ባለቤቱ ከከተማ ረጪ አስመጥቷል። ሰውዬው ካናቴራ ለብሶ፣ አፉን ሳይሸፍን፣ ባለ ሞተር ፓምፕ አዝሎ ይሄዳል። በማዕዘኑ ጨርቅ የለም።

«ምንድነው?» አሉ ኦቦ ባቻ።

«ይረጫሉ። የማሳው አዋሳኝ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ነግሮዎታል?»

«ማንም አልነገረኝም።»

ሙሐመድኑር ወረደ። በሕይወት ያሉት ቀፎዎች ሦስት ናቸው። ሣር ነጭቶ በጤዛው አራሰው፣ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወጣ። የመጀመሪያውን አፍ ደፈነ። ንቦቹ ከውስጥ ሲጮሁ እንጨቱ ይርበደበዳል። ሁለተኛውም ጥላ ውስጥ ስለነበር ብርዱ አላስወጣቸውም፤ ደፈነው። ሦስተኛው በምሥራቅ በኩል ባለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሲደርስ ፀሐይ ቀፎውን አግኝታዋለች።

«ደፈንከው?» አሉ ከታች።

«ወጥተዋል።»

«ሁሉም?»

«አብዛኛው።»

«እንግዲያው ክፍት ተወው። የሚመለስ ካለ ይግባበት።»

ወርዶ ከዛፉ ሥር ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። የቀሩትን ሦስት ባዶ ቀፎዎች ለማውረድ ማንም አልተነሳም። ሞተሩ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ መደዳ ጨርሶ ይዞራል። ሁለቱ ክፍት የተተወውን የቀፎ አፍ ያያሉ።